አልፍሬድ ኢልግ፦ ከጫማ ስፌት እስከ ስልክ መስመር

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የምትገኘው የምዕራብ ሸዋዋ አዲስ ዓለም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የአገሪቱ ርዕሰ ከተማ እንድትሆን ታስባ የነበረች ከተማ ናት። አዲስ አበባ በማገዶ እጥረት በመቸገሯ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን ወደዚያ ለማዛወር ግንባታ ያስጀመሩ ሲሆን፣ ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት የተሠራው መንገድም በአገሪቱ ከታዩት ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። በእነዚያ ዓመታት የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነው ያገለግሉ የነበሩት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው።

ኢልግ በይበልጥ የሚታወቁት ከኢትዮጵያ ምድር ባቡር ጋር በተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ ከ27 ዓመታት የማያንስ ጊዜያቸውን ያሳለፉት እያንዳንዱን መሣሪያ ከፍቶ ውስጡን ለማየት ለሚጓጓ ንጉሥ በትዕግሥት በማስረዳት፣ ትንሹን ሥራ ሠርቶ በማሳየትና የተበላሸውን በማስተካከል ነበር።

አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1854 በስዊዘርላንድ ቱርጋው ግዛት በምትገኘው ፍራውንፌልድ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የፖሊቴክኒክ ተቋም ምህንድስና ያጠኑ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የእጅ ሙያ ያላቸው አውሮፓውያን እንዲላኩላቸው በኤደን በሚገኝ የንግድ ቤት በኩል መጠየቃቸውን ተከትሎ ከሁለት የአገራቸው ባለሙያዎች ጋር ጉዞ ጀመሩ። በባሕር ጠረፍ ለወራት ከተጉላሉ በኋላ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ደረሱ። ዕድሜያቸውም ገና 24 ዓመት ነበር።

ንጉሡ ለወጣቱ መሐንዲስ መጀመሪያ የሰጡት ሥራ ጫማ መስፋት እንደነበር ይነገራል። ኢልግ ይህ ሙያዬ አይደለም ብለው ሳይመልሱ ጫማውን ሰፍተው አቀረቡ። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ በታዘዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣው በጥራትም በዋጋም የተሻለ መሆኑን ቢያስረዱም ትእዛዙ ስለጸናባቸው በእጃቸው ሠርተው እንዳስረከቡ ታሪካቸውን የጻፉ ሁሉ ያነሱታል። በዚህም በንጉሡ ዘንድ ያተረፉት አመኔታ ለኋለኞቹ ታላላቅ ሥራዎች መሠረት ሆኗል።

በ1870ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ የሠሩት ኢልግ፣ ከዚያም ከእንጦጦ ተራራ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውኃ እንዲገባ አድርገዋል። ውኃው ወደ ሸለቆው ወርዶ እንደገና ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሲወጣ ያየ ሕዝብ እጅግ ተደንቆ ነበር። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ምንጩ ከኮረብታው በላይ በመሆኑ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚሄድ ውኃ በራሱ ግፊት ይወጣል። ይህንኑ በዐይን የሚታይ ማድረጋቸው ከማንኛውም የቃል ማብራሪያ ይልቅ አሳማኝ ሆኖላቸዋል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መሣሪያዎች ወደ አገር የገቡትም በዚሁ ዘመን ነው። ኋላ ራስ የሆኑት ደጃዝማች መኰንን በ1882 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጉዟቸው ሲመለሱ ስልክ ይዘው እንደመጡና ድምፅ ብቻውን በሽቦ መምጣቱን ከካህናቱ አንዳንዶቹ የሰይጣን ሥራ አድርገው እንደተቃወሙት ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በሐሳባቸው ጸንተዋል። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለኢልግ የተሰጠው የምድር ባቡር ውልም ከሐዲዱ ጎን የቴሌግራፍ መስመር እንዲዘረጋ የሚያዝ ነበር። በዚህ መሠረት ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው መስመር በ1891 ዓ.ም. ገደማ ለአገልግሎት በቅቷል። ስልክ ፊደል ሳይጠይቅ የአማርኛን ቃል እንደተነገረ የሚያደርስ በመሆኑ ከቴሌግራፍ ይልቅ ተፈላጊነት አግኝቷል።

መስመሩ እንደተዘረጋ ችግሩም አብሮ መጣ። የእንጨት ምሰሶዎችን ምስጥ ይበላቸው፣ ዝሆኖች እየታከኩ ይጥሏቸው፣ ሽቦውንም ሰዎች ለጌጥ እየቆረጡ ይወስዱት ነበር። በዘመኑ የነበሩ ረጃጅም መስመሮች ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ሽቦ ሲሆኑ፣ የኤሌክትሪኩ ፍሰት የሚመለሰው በመሬት በኩል በመሆኑ አፈሩ ሲደርቅ ድምፁ ይደክማል። ባትሪው ያለቀ፣ መጋጠሚያው የዛገ ወይም ሽቦው እርጥብ ቅርንጫፍ የነካ እንደሆነም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ስለሆነም ብልሽትን ለማግኘት መስመሩን በየጣቢያው ከፋፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ መፈተሽ ያስፈልግ ነበር። ይህ ደግሞ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው በየጣቢያው መኖሩን የሚጠይቅ ነው።

ችግሩ የነበረውም እዚህ ላይ ነው። ሽቦው በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ሲዘረጋ መስመሩን የሚጠግን ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የሚያፈራ ትምህርት ቤት አልነበረም። የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘርፉን በኃላፊነት የሚመራው የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ የተቋቋመው በ1945 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለው ረጅም ጊዜ አገሪቱ በአብዛኛው ከውጭ በሚመጡ ባለሙያዎች ላይ ተመርኩዛ ቆይታለች።

ኢልግ በ1889 ዓ.ም. በይፋ የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው በውጭ ጉዳይም አገልግለዋል። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢደርስም በገንዘብ እጥረትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ሥራው ተጓተተ። የኢልግም ተሰሚነት እየቀነሰ ሄዶ በ1899 ዓ.ም. ከሥራቸው ለቀቁ። በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. መጨረሻ በዙሪክ ሲያርፉ የ61 ዓመት ሰው ነበሩ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዕሰ ከተማነቱ የቀረው የአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል።

ዛሬ በዚያው ጎዳና ላይ በሚገኙት አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦና ጉደርን በመሰሉ ከተሞች ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ መጠገን የተለመደ የዕለት እንጀራ ነው። አምቦ ዩኒቨርሲቲም የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎችን ያሠለጥናል። ጀማሪው በትንሽ ሰሌዳ ላይ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ዑደት ሲሠራ የሚከተለው ሥርዓት ከመቶ ዓመት በፊቱ መስመር ጠጋኝ የተለየ አይደለም። በመጀመሪያ የኃይል ምንጩን፣ ቀጥሎ ሽቦውን፣ ከዚያ መጋጠሚያውን፣ በመጨረሻም ዕቃውን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ግን መሣሪያው ቢሠራለት እንኳ ጥፋቱ የት እንደነበር አያውቅም።

ከአልፍሬድ ኢልግ ሕይወት ለመሥሪያ ቤቶች የሚተርፈው ቁም ነገርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያውን አስመጥተዋል፤ መሐንዲሱም ሠርተው አሳይተዋል። የጥገና ሙያው ግን በጊዜው ወደ አገር ልጆች እጅ ባለመሻገሩ ወጪው ለብዙ ዓመታት ተከፍሏል። ዛሬም አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ መሣሪያ ሲገዛ መሣሪያው ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ቢወስን ከዚያ ዘመን ኪሳራ ይድናል።