የቱዋሬጎች ጐረቤት ሻርል ደ ፉኮ

ሰው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሌላ ሕዝብ መካከል ለመኖር ሲነሣ አስቀድሞ የሚያሰናዳው ስንቁንና ልብሱን ነው። ባለጸጋው ገንዘቡን፣ ባለሥልጣኑ የሹመት ደብዳቤውን ይይዛል። የሚሄድበትን ሕዝብ ቋንቋና ልማድ ለማወቅ አስቦ የሚነሣ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሻርል ደ ፉኮ ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር። ይህ ፈረንሳዊ በሰሐራ በረሓ፣ ከበርበር ሕዝቦች ወገን በሆኑት በቱዋሬጎች መካከል 11 ዓመት ኖሮ እዚያው ሞተ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደማያውቁት አገር ለሥራ ለሚሄዱ ወጣቶች፣ ከመልካም ሥራውም ሆነ ከስሕተቱ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሻርል ደ ፉኮ በ1858 በስትራስቡርግ ከተማ ከመኳንንት ቤተ ሰብ ተወለደ። ስድስት ዓመት ሳይሞላው አባቱም እናቱም ስለ ሞቱ ያሳደገው የእናቱ አባት ኰሎኔል ደ ሞርሌ ነበር። ካደገም በኋላ በሳን ሲር የጦር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሶሚር የፈረሰኞች ትምህርት ቤት ተማረ። አያቱ በ1878 ሲሞት ብዙ ሀብት ወረሰ፤ ነገር ግን ገንዘቡን በግብዣና በጨዋታ ይበትነው ጀመር። በ1880 ክፍለ ጦሩ ወደ አልጄሪያ ተላከ። እዚያም በጠባዩ ምክንያት በሚከተለው ዓመት ከሥራው ታገደ። ይሁን እንጂ ጓደኞቹ የቡ አማማን ዐመፅ ለመውጋት መዝመታቸውን በሰማ ጊዜ እንደ ገና ተመልሶ ከእነርሱ ጋር ዘመተ። በዚያ ዘመቻ የበረሓውን ሰውና የበረሓውን ኑሮ አየ፤ ከዚያ ወዲያ የከተማው ደስታ አላጠገበውም። በ1882 የመኰንንነት ሥራውን ትቶ በአልጄ ከተማ ዓረብኛና ዕብራይስጥ ለመማር ተቀመጠ።

በዚያን ጊዜ ከሱልጣኑ ሥልጣን ውጭ የነበረው የሞሮኮ ክፍል ለክርስቲያን መንገደኛ የተዘጋ ነበር። ፉኮ ይህን አገር ለማወቅ ስለ ፈለገ እንደ ድኻ የአይሁድ መምህር ለብሶ፣ መርዶኬ አቢ ሴሩር ከሚባል አይሁዳዊ መሪ ጋር በ1883 ገባ። ጕዞው ወደ 11 ወር ፈጀ። በእጁ መዳፍ ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ደብተር ላይ እየሄደ ይጽፍ ነበር፤ ሌሊትም በቤት ጣራ ላይ ሆኖ የከዋክብትን ከፍታ ይለካ ነበር። ከሱ በፊት ከተጠኑት መንገዶች 689 ኪሎ ሜትሩን ደግሞ አጠና፤ 2,250 ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ መንገድም ጨመረ። የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1885 የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፤ የጕዞው መጽሐፍም በ1888 ታተመ።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በብልኀቱ ብቻ የሆነ አይደለም። በመንገዱ ላይ ማንነቱን ያወቁ እስላሞች ነበሩ። አሳልፈው ቢሰጡት ኖሮ ሕይወቱ በጠፋ ነበር። እነርሱ ግን ምሥጢሩን ጠብቀው፣ አብልተውና አሳድረው ሸኙት። በጢሲንት መንደር ያስተናገደው ሐጅ ቡ ራሂም ገንዘቡ ባለቀበት ጊዜ እስከ ባሕር ዳር እስከ ሞጋዶር ድረስ አብሮት ሄዶ በደኅና መልሶታል። በዚህ ዓይነት ፉኮ በሰው አገር የመጀመሪያውን ትምህርት ተማረ፤ ይኸውም እንግዳ ምንም ብልኅ ቢሆን ሕይወቱ በባለ አገሩ እጅ መሆኑን ነው።

በዚያው ጕዞ ሌላ ነገር ደግሞ ልቡን ነካው። እምነቱን ከተወ ብዙ ዓመት ሆኖት ሳለ፣ እስላሞች በመንገድም በገበያም ሥራቸውን አቁመው ሲጸልዩ ማየቱ ስለ እግዚአብሔር እንደ ገና እንዲያስብ አደረገው። በ1886 ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። በ1890 መነኰሰ፤ ከዚያም በሶርያ ገዳም ተቀመጠ፤ በናዝሬትም የመነኰሳይያት ገዳም አገልጋይ ሆኖ ኖረ። በ1901 ቅስና ተቀብሎ ወደ አልጄሪያ በረሓ ወደ ቤኒ አባስ ሄደ። በዚያም ጥቂት ባሮችን በገንዘብ ገዝቶ ነጻ ከማውጣቱም በላይ፣ የፈረንሳይ ሹማምንት ባርነትን አይተው እንዳላዩ ማለፋቸውን እየተቃወመ ይጽፍ ነበር።

በ1905 የሆጋር ቱዋሬጎች አለቃ ሙሳ አግ አማስታን ስለ ፈቀደለት በታማንራሴት ተቀመጠ። ታማንራሴት በዚያን ጊዜ 20 ያህል ጎጆ ያላት መንደር ነበረች። የሆጋር ሰዎች በ1902 በቲት በተደረገው ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ድል ከሆኑ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር። ስለዚህ አዲሱ ጐረቤት ምንም በሰላም ቢመጣ፣ ወንድሞቻቸውን ከገደለባቸው መንግሥት ወገን መሆኑን ያውቁ ነበር።

የቱዋሬጎች ልማድ ለውጭ አገር ሰው ሁሉ አዲስ ነው። ፊታቸውን በረዥም ሻሽ የሚሸፍኑት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶቹ ፊታቸውን ገልጠው ይሄዳሉ። ከቆዳ የተሰፋው ድንኳን የሚስት ንብረት ነው፤ ባልና ሚስት ቢለያዩ ከድንኳኑ የሚወጣው ባል ነው። የአለቅነት ውርስ የሚቈጠረው በእናት ወገን ነበር። ኢምዛድ የሚባለውን እንደ እኛ መሰንቆ ባለ አንድ ጭራ የሆነውን መሣሪያ የሚመቱት ሴቶች ናቸው፤ ማታ ማታም ወጣቶች ተሰብስበው ቅኔ እየተቀባበሉ ያመሹ ነበር። ቲፊናግ የሚባል፣ አናባቢው በአብዛኛው የማይጻፍበት የራሳቸው ፊደል ሲኖራቸው፣ ለልጆች የምታስተምረው እናት ነበረች። ስለዚህ አንድ እንግዳ መጥቶ ከወንዶቹ ጋር ብቻ ቢነጋገር፣ ሴቶቹንም ቢንቅ፣ የቱዋሬጎችን ዕውቀት ግማሹን ሳያይ ይቀር ነበር።

ፉኮ ይህን ዐውቆ ከሁሉ አስቀድሞ ታማሃቅ የሚባለውን ቋንቋቸውን ለመማር ተነሣ። ይህ ቋንቋ ለእኛ ሩቅ ቢመስልም፣ ሊቃውንት የበርበርን ቋንቋዎችና አማርኛን ከአንድ ታላቅ የቋንቋ ነገድ፣ ከአፍሮ እስያዊው፣ ይቈጥሯቸዋል። ፉኮ ከድንኳን ወደ ድንኳን እየሄደ፣ ለሚነግሩት ሰዎች ጥቂት ገንዘብ እየከፈለ፣ ቅኔያቸውን ከነፍቺው ጻፈ። የሰበሰበው ቅኔ 6,000 ያህል መስመር ነው። መዝገበ ቃላቱንም ሲያዘጋጅ የቃሉን ትርጕም ብቻ ጽፎ አላለፈም፤ ስለ ድንኳን፣ ስለ ግመል፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሣርና ስለ እንጨት የቱዋሬግ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ከቃሉ ጋር መዘገበ። ይህን ሁሉ ደክሞ ሥራው በስሙ እንዳይታተም ይለምን ነበር፤ የመጀመሪያው የሰዋስው መጽሐፍም በ1908 የታተመው በሟቹ ጓደኛው በሞቲሊንስኪ ስም ነው።

የሆነ ሆኖ ፉኮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራሱን እንደ ሰጪ ብቻ ይቈጥር ነበር። መርፌና መድኃኒት ያድላል፤ እህል ያካፍላል፤ ከማንም ግን ምንም አይቀበልም። ዝናብ ከጠፋ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖ ረኀብ በገባ ጊዜም ያለውን እህል ለተራቡት ሰጠ። በጥር 1908 እርሱ ራሱ ታምሞ ወደቀ፤ መነሣትም ሆነ መንቀሳቀስ አቃተው። በዚያን ጊዜ ቱዋሬጎቹ ለልጆቻቸው የሚሆን ወተት እንኳ ሳይተርፋቸው፣ በአራት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉትን ፍየሎች ሁሉ እያለቡ ያገኙትን ጥቂት ወተት አመጡለት። በዚያ ወተት ዳነ። ሊያድናቸው የመጣው ሰው በእነርሱ ዳነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ወዳጅነታቸው እየጠነከረ ሄደ፤ በ1913 ኡክሰም የሚባለውን ወጣት ቱዋሬግ ወደ ፈረንሳይ ወስዶ ከዘመዶቹ ጋር አስተዋወቀው። ሃይማኖትን በሚመለከት ግን የተከተለው ሰው እንደሌለ ያህል ነበር፤ እርሱም ስለዚህ ጐረቤቶቹን ትቶ አልሄደም።

ሆኖም የታሪኩን ሌላ ገጽ ማለፍ አይገባም። ፉኮ የመኰንንነቱን ልብስ ቢያወልቅም የመኰንንነቱን አሳብ ጨርሶ አላወለቀም። የፈረንሳይ ግዛት ለሰሐራ ሕዝብ ይጠቅማል ብሎ ያምን ነበር። የሰሐራው ጦር አዛዥ ላፐሪን የድሮ ጓደኛው ነበር፤ ስለ አገሩ ጸጥታም ለመኰንኖቹ ወሬ ይጽፍላቸው ነበር። በሞሮኮ ያነሣው ካርታም ኋላ የፈረንሳይ ጦር ወደዚያ አገር ሲገባ ጠቅሟል። እንግዲህ አንድ ሰው በቀን የጐረቤት ወዳጅ፣ በደብዳቤው ደግሞ የገዢው ጦር ረዳት ሆኖ ለመኖር ይችላልን? ፉኮ ራሱ በሁለቱ መካከል መጋጨት ያለ አይመስለውም ነበር፤ ነገሩ የተፈተነው ግን በሞቱ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ ሰሐራ በደረሰ ጊዜ የሊቢያ ሰኑሲዎች በፈረንሳይ ላይ ተነሡ። ፉኮ ሕዝቡ አደጋ ሲመጣ የሚጠጋበት ብሎ ወፍራም ግንብ ያለው ምሽግ ሠርቶ በ1916 ወደዚያ ገባ። ጦሩም በውስጡ ጠመንጃ አስቀመጠበት። የበጎ አሳብ ቤት ይሁን የጦር ቤት ለመለየት አስቸጋሪ ሆነ። በታኅሣሥ 1 ቀን 1916 ማታ የሚያውቀው ሰው ፖስታ የመጣ አስመስሎ ጠራው፤ በሩን ሲከፍት ወራሪዎች ይዘው አሰሩት። ያሰቡት ሊገድሉት ሳይሆን ማርከው ሊወስዱት ነበር ይባላል። ነገር ግን ሁለት የግመል ወታደሮች በድንገት ሲደርሱ የሚጠብቀው ልጅ ደንግጦ ተኰሰበት። በሞተ ጊዜ 58 ዓመቱ ነበር። የቅኔውን ሥራ ከጨረሰ ገና ጥቂት ቀን ሆኖት ነበር። ሙሳ አግ አማስታን መሞቱን በሰማ ጊዜ ኀዘኑን ገልጾ ለፉኮ እኅት ደብዳቤ ላከላት።

ታላቁ መዝገበ ቃላት በ1951 እና በ1952 በአራት ቅጽ፣ በራሱ የእጅ ጽሕፈት እንደ ተጻፈ፣ 2,028 ገጽ ሆኖ ታተመ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በ2022 ቅዱስ ብላ ሰየመችው። አልጄሪያ በ1962 ነጻነቷን አገኘች፤ በርበሮች አማዚግ በሚለው በራሳቸው ስም እየተጠሩ ለቋንቋቸው መብት ብዙ ጊዜ ከታገሉ በኋላ፣ ቋንቋቸው በሞሮኮ በ2011፣ በአልጄሪያ በ2016 በሕገ መንግሥት የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ፉኮ ይዘልቃል ብሎ ያመነበት ግዛት ሲያልፍ፣ በድንኳን ውስጥ ከሴቶችና ከሽማግሌዎች አፍ ሰምቶ የጻፈው ቃል ግን ዛሬም ለቱዋሬግ ልጆችና ለሊቃውንት ያገለግላል። ወደ ሰው አገር ለሥራ የሚሄድ ወጣት ከሻንጣው ውስጥ የትኛውን ማስቀደም እንዳለበት ከዚህ ማየት ይችላል።