ስሙ ሳይጠራ ሥራው የቀረ ሰው፦ ዴኒስ ሪቺ (1941–2011)

የታዋቂ ሰው ሕይወት ጻፉ ስንባል የአብዛኞቻችን እጅ የሚሄደው ወደ ነገሥታት፣ ወደ ዘፋኞችና ወደ ሯጮች ነው። እኔ የመረጥኩት ሰው በሙያው ዓለም ውስጥ እንደ ንጉሥ የሚታይ፣ ከዚያ ወጣ ሲሉ ግን ስሙን የሚያውቅ የማይገኝለት ሰው ነው። ዴኒስ ሪቺ ይባላል። ይህ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ምን ይረባዋል የሚል አንባቢ ካለ፣ ታሪኩን ከአሟሟቱ ልጀምርለትና ራሱ ይፍረድ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክቶበር 5 ቀን 2011 የአፕል ኩባንያ መሥራች ስቲቭ ጆብስ አረፈ። የዓለም ጋዜጦች የፊት ገጽ በፎቶው ተሞላ፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ለቀናት ሌላ ወሬ የሌለው መሰለ። ልክ በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 12፣ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት በርክሌይ ሃይትስ በምትባል ቦታ ብቻውን ይኖር የነበረ የ70 ዓመት ጡረተኛ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። መርዶውን ለዓለም ያሰማው የዜና ወኪል አልነበረም። የቀድሞ ባልደረባው ሮብ ፓይክ ኋላ በተዘጋው ጉግል ፕላስ ላይ ጻፈው፤ ከዚያ ነው ወሬው የተሠራጨው። ጋዜጦችም ዘገቡት፣ ግን የጆብስን ያህል ቦታ ማን ሰጥቶት! የሚገርመው ደግሞ ማክ ኮምፒዩተርም አይፎንም ከሥር የቆሙት ይህ ጡረተኛ ከጓደኛው ጋር በሠራው የዩኒክስ ሲስተም ዘር ላይና እሱ ራሱ በፈጠረው በሲ ቋንቋ ላይ መሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ የዜና ዋጋ መለኪያ እያልን የምንማራቸው አሉ አይደል? እዚህ ላይ ታዋቂነት ተጽዕኖን በዝረራ አሸንፎታል።

ሪቺ የተወለደው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1941 በኒው ዮርክ ግዛት ብሮንክስቪል ሲሆን ያደገው ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው። አባቱ አሊስቴር ሪቺ በስልክ ኩባንያው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ የሚሠሩ ሳይንቲስት ነበሩ። ልጁ ሃርቫርድ ገብቶ በ1963 በፊዚክስ ተመረቀና ለዶክትሬት እዚያው ቀጠለ። ጥናቱን በ1968 ጨረሰ። ነገር ግን የተጠረዘውን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ አላስረከበም፤ በዚህ ምክንያት ዲግሪው ሳይሰጠው ቀረ። እሱም የተቆጨ አይመስልም። ጥናቱ ከሞተ በኋላ ተገኝቶ በ2020 ካሊፎርኒያ ባለው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም በኩል ለሕዝብ ቀርቧል። እንግዲህ ለላይብረሪ አንድ መጽሐፍ ያላስረከበ ሰው ነው ቀጥሎ የምናወራውን ሌላውን ዓይነት ላይብረሪ ለዓለም ያስረከበው።

በ1967 የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ቤል ላብስ ገባ። በጊዜው ተቋሙ ከሌሎች ጋር ሆኖ መልቲክስ የሚባል ግዙፍ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለመሥራት ይደክም ነበር። ሥራው ተንዛዛ፣ ወጪው በዛ፣ በ1969 ቤል ላብስ እጁን አወጣ። ኬን ቶምሰን የሚባለው ባልደረባው ብዙ ሰው የማይጠቀምበትን አንድ ፒዲፒ-7 ኮምፒዩተር አግኝቶ በዚያው ዓመት በጋ ትንሽዬ ሲስተም ጻፈ። ሪቺ ተቀላቀለው። ዩኒክስ የተባለው ይኸው ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛልን ብለው ሲጠይቁ ግን በመልቲክስ የተቃጠሉት አለቆች ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚል ቃል መስማት አልፈለጉም። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የፓተንት ክፍሉ ጸሐፊዎች ሰነድ የሚያዘጋጁበት መሣሪያ እንሠራለን አሉ። ፒዲፒ-11 ተገዛላቸው። ቃላቸውንም ጠበቁ፣ ዩኒክስንም አሳደጉ።

ከ1971 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ሪቺ የቶምሰንን ቢ የተባለ ቋንቋ እያሻሻለ ሲ ላይ ደረሰ። በ1973 የዩኒክስ እምብርት በሲ እንደገና ተጻፈ። ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ከዚያ በፊት ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚጻፈው በአብዛኛው ለአንድ ዓይነት ማሽን ብቻ በሚገባ የማሽን ቋንቋ ነበር፤ ማሽኑ ሲያረጅ ድካሙ ሁሉ አብሮ ይቀበራል። በሲ የተጻፈው ግን ወደ ሌላ ማሽን ሊሻገር ይችላል። በ1977 እና በ1978 ኢንተርዳታ ወደሚባል ፍጹም ሌላ ማሽን አሻግረው አሳዩ።

አሁን ወደ ላይብረሪው እንምጣ። ስለ ሪቺ የሚጻፈው ሁሉ ቋንቋውን ያነሳና ይህችን ይዘላታል፤ እኔ ደግሞ ዋናው ጉዳይ እሷ ናት ባይ ነኝ። ሲ ቋንቋ በራሱ በጣም ትንሽ ነው። ስክሪን ላይ አንድ ቃል ለመጻፍ እንኳ ትእዛዝ የለውም። ፋይል መክፈት፣ ጽሑፍ ማውጣት፣ ሰዓት መጠየቅ፣ ማስታወሻ ቦታ መበደር፣ እነዚህ ሁሉ ተጽፈው የተቀመጡት ከቋንቋው ውጪ የሲስተም ላይብረሪ በሚባለው ውስጥ ነው። እንደ ሰፈር ወፍጮ ቤት ቁጠሩት። እያንዳንዱ ቤት ወፍጮ አይተክልም፤ እህሉን ይዞ ይሄዳል፣ አስፈጭቶ ይመለሳል። ፕሮግራሞችም እንደዚያው ናቸው። እንግዲህ ባለወፍጮው ድንጋዩን በደንብ ካልወቀረው የመንደሩ እንጀራ በሙሉ ይበላሻል፤ አሻሽላለሁ ብሎ አፈጫጨቱን ቢቀይርም የለመደው ሁሉ ይጮሃል።

ይህን ላይብረሪ አንድ ሰው አልሠራውም። የግብዓትና የውጤት ክፍሉን መጀመሪያ የጻፈው የቤል ላብሱ ማይክ ሌስክ ነበር፤ ያ ሥራ እንደገና ተከልሶ መደበኛው ክፍል ሆነ፣ በ1979 በወጣው ሰባተኛው ዩኒክስም ተሠራጨ። የሂሳቡን ክፍል ሮበርት ሞሪስ ረድቷል። በ1978 ሪቺ ከብራያን ከርኒጋን ጋር ስለ ሲ ያወጣው ቀጭን መጽሐፍ ላይብረሪውን ለዓለም ፕሮግራመሮች አስተዋወቀ፤ በ1989 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በይፋ ደነገገው።

ከቤል ላብስ ግድግዳ እንዴት ወጣ? ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በ1956 ከመንግሥት ጋር በነበረው የፀረ ሞኖፖሊ ክርክር ከስልክ ሥራ ውጪ እንዳይነግድ ተስማምቶ ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ሊሸጠው አልቻለም፤ ለዩኒቨርሲቲዎች ከነሶርስ ኮዱ በትንሽ ክፍያ ሰጠ። ተማሪዎች ከፍተው አነበቡት፣ ጠገኑት፣ በተለይ በርክሌይ ያሉት የራሳቸውን ዝርያ አወጡ። በ1984 ኩባንያው ሲከፋፈል እገዳው ተነሳና በሩ ይዘጋ ጀመር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ማንም የሚያነበውና የሚያሻሽለው ነፃ ሲስተም እንሠራለን ብሎ ተነስቶ ነበር፤ ጂሊብሲ የተባለው የሲ ላይብረሪ የተወለደው ከዚያ ነው። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ ሊነክስን ሲጀምር እምብርቱን ጻፈ እንጂ ላይብረሪውን አልጻፈም። ብዙዎቹ የሊነክስ ስርጭቶች የሚሠሩት በጂሊብሲ ነው። በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች ይጠብቁታል፣ ግማሹ ከኩባንያ ደመወዝ እየተከፈለው፣ ግማሹ በትርፍ ጊዜው፤ በየስድስት ወሩም አዲስ እትም ይወጣል።

ጥገናው ምን ያህል እንደሚከብድ አንዲት ፈንክሽን ታሳየናለች። ጌትስ ትባላለች (የማይክሮሶፍቱን ቢል ጌትስ አይደለም)። ሥራዋ ከውጭ የሚመጣን አንድ መስመር ጽሑፍ ተቀብላ በተዘጋጀላት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ችግሩ ቦታው ምን ያህል እንደሆነ አትጠይቅም። ጀሪካን ሞልቶ እየፈሰሰ ቧንቧውን እንደማይዘጋ ሰው፣ መስመሩ እስኪያልቅ ትቀዳለች። የሚፈሰው ደግሞ አጠገብ ባለው ማስታወሻ ላይ ነው፤ ተንኮለኛ ከሆነ በዚያ በኩል የራሱን ትእዛዝ ያስገባል። ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የሆነው ይኸው ነው። አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል ፕሮግራም በበርክሌይ ዩኒክስ ላይ ለ512 ባይት በተዘጋጀ ቦታ 536 ባይት እየላከ ገባ። ሌሎች መግቢያዎችም ነበሩት። በግምት 6,000 ኮምፒዩተሮች ሽባ ሆኑ። ተማሪው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ከላይ የጠቀስኩት የሮበርት ሞሪስ ልጅ! አባት የዩኒክስን ላይብረሪ ከገነቡት አንዱ፣ ልጅ በላይብረሪው ቀዳዳ የገባ። ልብ ወለድ ውስጥ ቢጻፍ አላምንም ነበር። ልጁ በ1990 ተፈርዶበት በገደብ ተለቀቀ፤ ኋላም ፕሮፌሰር ሆኗል።

ታዲያ ፈንክሽኗን አውጥቶ መጣል ነው እንዳትሉ። በእሷ ላይ የቆሙ አሮጌ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከነቀልካት ይወድቃሉ። ስለዚህ ልኩን የምትጠይቅ እህቷን ተጠቀሙ እየተባለ፣ የተጠቀመባትም ሁሉ ማስጠንቀቂያ እየደረሰው ዓመታት አለፉ። ከሲ ድንጋጌ በይፋ የተሰረዘችው ዲሴምበር 2011 ሲሆን ሪቺ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ጂሊብሲ ውስጥ ግን ለአሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ሲባል በጓዳ በኩል ተቀምጣለች።

ሪቺ ራሱ ጸጥ ያለ፣ ከቀትር በኋላ ቢሮ ገብቶ ሌሊቱን የሚሠራ ሰው ነበር። በ1983 ከቶምሰን ጋር የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1999 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለሁለቱም ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ሰጧቸው፤ በሞተበት ዓመት የጃፓን ሽልማትም ደርሷቸዋል። በ2007 ጡረታ ወጣ። ከሽልማቶቹ ይልቅ እኔን የማረከኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴፖች የተረፉትን የመጀመሪያዎቹን የሲ ኮምፓይለሮች፣ ከነድክመታቸው፣ ማንም እንዲያነባቸው በድረ ገጹ ላይ አውጥቷቸዋል። የድሮ ጽሑፉን ሳያርም የሚያሳይ ጸሐፊ ስንት አለ?

ለእኛ ፊደልም ይህ ታሪክ ይደርሳል። ሲ አንድን ፊደል በአንድ ባይት ይለካል፤ ለእንግሊዝኛ በቂ ነው፣ ለእኛ ግን አይበቃም። በ1992 ቶምሰንና ሮብ ፓይክ የዓለምን ፊደላት በሙሉ በባይቶች ሰንሰለት የሚጽፍ ዩቲኤፍ-8 የተባለ ዘዴ ፈጠሩ፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ገባ። አንድ ፊደላችን ሦስት ባይት ይወስዳል። የቃል ርዝመት የምትለካውን አሮጌ የሲ ፈንክሽን ሰላም ስንት ፊደል ነው ብትሏት 9 ትላችኋለች። ጂሊብሲ ውስጥ ለአማርኛ የተዘጋጀ ክፍልም አለ፤ ቀኖቹ ሰኞ፣ ማክሰኞ ብለው ይወጣሉ፣ ወሮቹ ግን ጃንዩወሪ፣ ፌብሩወሪ ናቸው። ለጳጉሜን ቦታ የለም፤ ሪቺና ጓደኞቹ ያወረሱት የቀን ሰሌዳ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሰዓቱም የእነሱ ውርስ ነው። በመጀመሪያው ዩኒክስ ጊዜ የሚቆጠረው በሰከንድ 60ኛ እጅ ስለነበር ቁጥሩ ከሁለት ዓመት ከሩብ በላይ አይዘልቅም ነበር። ኋላ ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ እንዲቆጠር አደረጉት። በ32 ቢት ሲያዝ ይህም ጃንዩወሪ 19 ቀን 2038 ይሞላና ወደ 1901 ይመለሳል። በጊዜው 2038 ማን ይደርሳል ተብሎ ይሆናል፤ ይኸው እየደረሰ ነው። ለመጠገን የሊነክስ እምብርት እስከ 2020፣ ጂሊብሲ እስከ 2021 ፈጀባቸው። ደቢያን የተባለው ስርጭት በኦገስት 2025 ላወጣው 13ኛ እትሙ አነስተኛ ማሽኖችን ወደ አዲሱ ሰዓት ለማሻገር እጅግ ብዙ ላይብረሪዎችን አንድ በአንድ እንደገና ማዘጋጀት ነበረበት። የጂሊብሲ አዲስ እትም ሲወጣ አብሮ በሚላከው ማስታወቂያ መጨረሻ ላይ የሠሩት ሰዎች ስም በተርታ ይዘረዘራል። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አንዱንም በጋዜጣ አይቼው አላውቅም።