ቪልሄልም ሺምፐርና የጋፋት ዕፅዋት

ጋፋት ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እዚያው በደብረ ታቦር አጠገብ ዕፅዋት እየለቀመ፣ እያደረቀና እየመዘገበ የኖረ ሌላ ባለሙያ ነበረ። ጀርመናዊው ሺምፐር በ1804 ተወልዶ በ1837 ኢትዮጵያ ገባ። ደጃዝማች ውቤ እንጢጮን እንዲያስተዳድር ሾመውት ነበር፤ በ1855 እርሳቸው በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ድል ሲሆኑ ሹመቱን አጣ። ሥራውን ግን በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት አልተወም። ለአጥር የምንተክለው ስሚዛ ወይም ሰንሰል በሳይንሳዊ ስሙ እርሱን ያስታውሳል፤ ናሙናዎቹም በአውሮጳ ቤተ መዘክሮች ተጠብቀዋል። በደቡብ ጎንደር ደጋ ጥንታዊው ደን ተመናምኖ በይበልጥ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በቀረበት በዛሬው ዘመን፣ የነበረንን የሚመሰክረው ይህን የመሰለ መዝገብ ነው። ስለዚህ መንገድም ሆነ ግድብ የምንነድፍ ሁሉ፣ አፈሩ ከመቆረጡ በፊት የበቀለበትን መመዝገብ ከሙያ ግዴታችን አንዱ ሊሆን ይገባል።