ቶማስ አልቫ ኤዲሶን፤ ስለ ባትሪ የደከመው ሰው

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ቆላ ደርሶ ባይቆም ኖሮ ከተማዪቱም አትቆረቆርም ነበር። ስለዚህ እኛ የቢዮ አዋሌ ተማሪዎች በባቡር ላይ ጋዜጣ እየሸጠ ያደገን ልጅ ታሪክ ብናነብ ባዕድ አይሆንብንም። ልጁም ቶማስ አልቫ ኤዲሶን ነው። አምፖሉን ሁሉም ያውቅለታል፤ ስለ ባትሪ ዐሥር ዓመት ያህል መድከሙን ግን ጓደኞቼ እምብዛም ሲያነሡ አልሰማሁም። በሆቴል ግቢና በጎልፍ ሜዳ ያለ ጭስና ያለ ጩኸት የሚሄደው ትንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪ፣ ከመቀመጫው ሥር ይዞት የሚዞረው ቻርጀርም ጭምር፣ ከዚያ ድካም ጋር ዝምድና ስላለው በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ልጽፈው ወደድሁ።

ኤዲሶን በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እናቱ ናንሲ በቤት አስተማረችው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ከፖርት ሂውረን እስከ ዲትሮይት በሚመላለሰው ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ መሸጥ ጀመረ። በዕቃ መጫኛው ፉርጎ ጥግ ጠርሙሶቹን ደርድሮ ኬሚካል ይቀላቅል ነበር፤ አንድ ቀን ግን ፎስፈረስ ወድቆ እሳት ስላስነሣበት ከነጠርሙሶቹ ተባረረ። እ.ኤ.አ. በ1862 የአንድ ጣቢያ ሹም ትንሽ ልጅ ሐዲድ ላይ ሲጫወት ፉርጎ ሊጨፈልቀው ሲል ኤዲሶን አፈፍ አድርጎ አዳነው፤ አባትየውም ስለ ውለታው የቴሌግራፍ ሥራ አስተማረው። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ በቴሌግራፍ እንጀራውን መብላቱ የሚያስደንቅ ነው።

ቴሌግራፍ ደግሞ ያለ ባትሪ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1867 በሉዊቪል ከተማ የሌሊት ተረኛ ሳለ፣ ሥራውን ትቶ ባትሪ ሲመረምር አሲዱ ተደፋበት፤ በወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ሾልኮም ከታች ባለው የአለቃው ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። በማግሥቱ ከሥራው ተሰናበተ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኩ በየመማሪያ መጽሐፉ ስለሚገኝ ቶሎ ልለፈው። በ1877 ድምፅ የሚቀርጸውን ፎኖግራፍ፣ በ1879 ብዙ ሰዓት የሚበራውን አምፖል ሠራ፤ በ1882 በኒው ዮርክ፣ በፐርል ጎዳና፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫውን ከፈተ። ይህ ማመንጫ የሚሰጠው ቀጥተኛ ኮረንቲ፣ ይኸውም ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ነበር። ተቀናቃኙ ዌስቲንግሃውስ ግን አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚመላለሰውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይዞ መጣ፤ ይህም በትራንስፎርመር ቮልቱ ከፍ ተደርጎ ሩቅ አገር ድረስ በቀጭን ሽቦ ይሄዳል። ኤዲሶን ሽንፈቱን መቀበል ተሳነው። በተለዋዋጩ ኮረንቲ እንስሳትን በሰው ፊት እየገደሉ ሕዝቡን ለሚያስፈራሩ ሰዎች ቤተ ሙከራውን እስከ መስጠት ደረሰ። ታላቅ ሰው ቢሆንም ይህ ሥራው አያስመሰግነውም። በመጨረሻም ተለዋዋጩ ኮረንቲ አሸነፈ፤ ዛሬ በአገራችን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን ኮረንቲ ይሰጣል።

ነገር ግን ባትሪ ይህን ኮረንቲ እንዳለ አይቀበልም። ባትሪ የሚሞላው በቀጥተኛው ብቻ ነው። ኤዲሶንም በመንገድ መብራቱ የተሸነፈበትን ኮረንቲ በአውቶሞቢል ውስጥ እንደገና ሊያነግሠው አሰበ። እ.ኤ.አ. ከ1899 ገደማ ጀምሮ ከከባዱ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የቀለለና የበረታ ለማግኘት ሙከራውን በሺህ እየቆጠረ ደከመ፤ በመጨረሻም ኒኬልንና ብረትን በፖታሽ ውሃ ውስጥ አኖረ። ባትሪው በ1903 ለገበያ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ዕቃው ያንጠባጥብ፣ ኃይሉም ይደክም ጀመር። ያን ጊዜ ኤዲሶን ፋብሪካውን አስቁሞ የተበላሹትን ባትሪዎች መልሶ ገዛ፤ ሥራውንም ከሥሩ እንደገና ጀመረ። እኔ ከአምፖሉ ይልቅ የማከብርለት ይህን ነው። የተሻሻለው ባትሪ የወጣው በ1909 ነው፤ የፎርድ ርካሽ የቤንዚን መኪና ግን በ1908 ቀድሞት ነበር። በ1912 ደግሞ የቤንዚኑን ሞተር በእጅ ማሽከርከር ቀርቶ በኤሌክትሪክ ማስነሣት ተጀመረ፤ ለማስነሻውም የተመረጠው ኤዲሶን ሊተካው የደከመበት ያው የእርሳስ ባትሪ ሆነ! የእርሱ ባትሪ ለባቡር ምልክትና ለማዕድን ቆፋሪዎች መብራት ዋለ።

ሌላም ችግር ነበረበት፤ እርሱም የሙሌቱ ነገር ነው። ተለዋዋጭ ኮረንቲ ባለበት ሰፈር ባትሪ ለመሙላት ኮረንቲውን ቀጥተኛ የሚያደርግ ሜርኩሪ የያዘ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ያስፈልግ ነበር። ይህ በጋራዥ ግድግዳ ይሰቀላል እንጂ በመኪና አይጫንም። ስለዚህ ባለ መኪናው ከቤቱ ርቆ ማደር ይፈራል። ኤዲሶን ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የሲሊኮን ዳዮድ ሲመጣ ያ ዕቃ በእጅ የሚያዝ ሳጥን ሆነ፤ ሳጥኑም በጋሪው ላይ ተተከለ። ዛሬ ጋሪው ሶኬት ባገኘበት ሁሉ ይሞላል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። የጎልፍ ጋሪ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 6 ቮልት ስድስት ባትሪዎች ተቀጣጥለው 36 ቮልት፣ ወይም ባለ 8 ቮልት ስድስት ተቀጣጥለው 48 ቮልት ይሰጡታል። ቻርጀሩ ከዚህ ድምርና ከባትሪው ዓይነት ጋር መስማማት አለበት፤ የሊትየም ቻርጀር ለእርሳስ ባትሪ አይሆንም። ሳጥኑ ደረቅና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ በብሎን ይጠብቃል። ቀይ ሽቦው በፊውዝ አልፎ ከመጀመሪያው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከመጨረሻው ባትሪ ኔጋቲቭ ጋር ይታሰራል፤ ይህ ሁሉ ሲሠራ ሶኬቱ መነቀል፣ የጣት ቀለበትም መውለቅ አለበት። ሶኬቱ እንደተሰካ ጋሪው እንዳይነሣ የሚያግድ ማቋረጫ ቢኖረው ደግሞ ሽቦ በጥሶ ከመሄድ ያድናል።

ነፋስ ያልሁት ለይስሙላ አይደለም። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተነፍሳል፤ ይህም በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1916 የኤዲሶን ባትሪ በተተከለበት ኢ-2 በተባለ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ይኸው ጋዝ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ፤ ለሽማግሌው ኤዲሶንም ከባድ ሐዘን ሆነበት። ውሃውም የተጣራ መሆን ይገባዋል። ቢዮ ማለት በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው፤ ሆኖም በጀበናችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወውን የአገራችንን ውሃ ባትሪ ውስጥ መጨመር ባትሪውን መግደል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ ይህን የሚያውቅ እጅ በየጋራዡ ይፈለጋል።

ኤዲሶን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ አረፈ። ለክብሩ በአሜሪካ ኤሌክትሪክ ጨርሶ ይቋረጥ ተብሎ ነበር፤ አደጋ እንዳያመጣ ስለተፈራ ግን ሕዝቡ በቀብሩ ቀን ማታ ለአንድ ደቂቃ መብራቱን በየቤቱ አጠፋ። በኒው ዮርክ እርሱ የጀመረው ቀጥተኛ ኮረንቲ ግን ብዙ ቆየ፤ የመጨረሻው መስመር የተቆረጠው በ2007 ነው።