የታላላቅ ሰዎች ታሪክ፦ አለት ያስፈለፈለው ንጉሥ ላሊበላ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ አምዳችን ዛሬ ከድሬዳዋ አንስቶ ላስታ ድረስ ይወስዳችኋል። መጀመሪያ ግን ስለ አንድ ሳሙና ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር በሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ ክፍለ ጊዜ ከልብስ ሳሙና ግመል ቅረጹ ተባልን። እኔ ልጨርስ ምንም ሲቀረኝ የግመሌ አንገት ቀንጠስ አለ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አብሽር ብሎኝ በማስቲሽ ሊለጥፍልኝ ሞከረ፤ እምቢ አለ። መምህራችንም ጭቃ ከሆነ ሲሳሳቱ ይጨመርበታል፣ ቅርጽ ግን አንዴ የቆረጡት አይመለስም አሉን። ስለ ላሊበላ ለመጻፍ ያሰብኩት ያኔ ነው። የእሱ ሰዎች የሠሩት በሳሙና ሳይሆን በአለት ላይ ነበርና።

ላሊበላ የተወለደው በዛሬው የአማራ ክልል፣ ሰሜን ወሎ፣ ላስታ ውስጥ ሮሃ በምትባል ቦታ ነው። የተወለደው ታኅሣሥ 29፣ በገና ዕለት እንደሆነ ይነገራል። በገድሉ እንደተጻፈው ገና ሕፃን ሳለ ንቦች መጥተው ከበቡት። እናቱም ንቦች ንግሥናውን አወቁለት ስትል ላሊበላ ብላ ስም አወጣችለት።

ይህ ስም ግን ጣጣ አመጣበት። በዚያን ጊዜ አገሪቱን የሚገዙት የዛጉዌ ነገሥታት ነበሩ። ዙፋኑ ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ሲሆን፣ ታናሹ ይነግሣል የሚለው ወሬ አላስደሰተውም። ከቤተሰቡ ውስጥ መርዝ እስከ ማጠጣት የደረሰ ሰው ነበር። ላሊበላ ግን ሦስት ቀን እንደ ሞተ ሰው ሆኖ ቆይቶ ነቃ ይላል ገድሉ። ከዚያ በኋላ ተሰደደ፤ ኢየሩሳሌም ድረስ እንደሄደም ይተረካል። በመጨረሻ ሐርቤ ራሱ ዙፋኑን ለቀቀለት። ይህ የሆነው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው።

ንጉሥ ከሆነ በኋላ ያሠራው ነገር ነው ስሙን ለዛሬ ያደረሰው። በሮሃ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው ይገኛሉ። ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ከእሱ ዘመን በፊት የተጀመሩ ናቸው ይላሉ። እዚያ ያለው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታ የሚባል ቤተ ክርስቲያንም አለ። ቦታው እንደ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም የታሰበ ነውና።

እንዴት ተሠሩ? እኛ ቤት ስንሠራ ከመሠረት ጀምረን ጣሪያ ላይ እንጨርሳለን። እዚያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ መሬቱ ዙሪያውን ይቆፈርና መሃል ላይ አንድ ትልቅ አለት ይቀራል። ከዚያ ጣሪያውን ቀርጸው፣ እየወረዱ መስኮቱን፣ በሩን ያወጣሉ። በመስኮትና በበር ገብተው ደግሞ ውስጡን ይፈለፍላሉ። ዓምዱ ከሌላ ቦታ አይመጣም፤ ሳይቆረጥ የተተወው አለት ነው ዓምድ የሚሆነው። አንድ ሰው ተሳስቶ ዓምዱን ቢቆርጠው በምን ይለጠፋል? ስለዚህ ቤቱ ገና ሳይታይ ሙሉው በጭንቅላታቸው ውስጥ ማለቅ ነበረበት።

ቤተ ጊዮርጊስን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ቅርጹ መስቀል ነው፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ይሆናል። ሩቅ ሆኖ አይታይም፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ነው ጣሪያው ከእግር በታች ብቅ የሚለው። በ1520ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አካባቢውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ አገሬ ሰው ውሸታም ይለኛል ብሎ ብዙ ለመጻፍ ፈርቶ ነበር።

ላሊበላ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አረፈ። መቃብሩ በቤተ ጎልጎታ ነው ይባላል። ባለቤቱ መስቀል ክብራ ቤተ አባ ሊባኖስን ለእሱ መታሰቢያ እንዳሠራች ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ ሰኔ 12 ቀን ታስበዋለች። ሮሃም በስሙ ላሊበላ ተባለች። ዩኔስኮ በ1978 (እንደ አውሮፓውያን) በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው።

አሁን አንድ የሚከነክነኝን ነገር ልናገር። በገድሉ ሰዎች ቀን የሠሩትን መላእክት ሌሊት ይጨምሩበት ነበር ይባላል። እነዚያ ቀን ቀን የሠሩት ሰዎች ግን እነማን ናቸው? የመሮአቸው ምልክት እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ፣ ስማቸው ግን የለም። በእኛው በድሬዳዋ አቅራቢያ በለጋ ኦዳ ዋሻ ከብቶችን የሳሉት ሰዎችም እንደዚሁ ስማቸው አይታወቅም። በዚምባብዌ ግን የሾና ድንጋይ ቀራጮች በሥራቸው በዓለም ይታወቃሉ፤ ጆራም ማሪጋ የሚባለውን የአገሩ ሰዎች እንደ አባት ያዩታል። የዚምባብዌ ስም ራሱ በሾና ቋንቋ የድንጋይ ቤቶች ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። አዲሱን የመማሪያ ክፍል የሚሠሩትን ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች በእረፍት ሰዓት ሁላችንም እናያቸዋለን፤ ስማቸውን ግን ማናችንም አናውቅም። እንጠይቃቸውና ከፈቀዱ በሚቀጥለው እትም እናውጣው። ከ800 ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ እንደኔ እንዳይቸገር!

እስከዚያው ቸር እንሰንብት።

ከ7ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል