የስፖርት አባት ይድነቃቸው ተሰማ

እዚህ አቃቂ በሰቃ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ስንጫወት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ስም ሳይነሳ አይቀርም። ታዲያ አብዛኞቻችን ከስማቸው ሌላ ብዙም ስለማናውቅ፣ በዛሬው ዕትማችን የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ እናቀርባለን።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ዘፈናቸውን በሸክላ በማስቀረጽ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ቢሆንም ለክለቡ መጫወት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ ፋሺስት አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያኖች የአበሻውን ጨዋታ ከነጩ ለዩት፤ የክለቡንም ስም ለወጡት። ይድነቃቸው መጫወቱን ባይተዉም፣ በሜዳ ላይ ሰውን በቀለም መለየት ምን ማለት እንደሆነ በልጅነታቸው አዩት።

ከነፃነት በኋላ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። የጨዋታውንም ደንብ ወደ አማርኛ መለሱ። ለጊዮርጊስ 23 ዓመት ተሰልፈው በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ይነገርላቸዋል፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። በዚያን ጊዜ ኳስ እንጀራ አይሆንም ነበር። በሌላው አገር ስንቱ ስመ ጥር ተጫዋች ጫማውን ሲሰቅል ንግድ ወይም እርሻ ይገባል። እሳቸው ግን ከሜዳ ወጥተውም ከስፖርት አልወጡም።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከኢትዮጵያ መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አላመጣም ስላለች ከውድድሩ ውጪ ሆነች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ እሳቸው ያሠለጠኑት ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ ተመርቶ፣ በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ስፖርት እንድትገለል ግንባር ቀደም ሆነው ታገሉ። ትግሉ ዋጋ ነበረው። በ1968 ዓ.ም. የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን፣ ያ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጠው ማለት ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ኢትዮጵያና ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ተዉ። ምሩጽ ይፍጠርም ሳይሮጥ ቀረ። በዚያው ዓመት ፊፋ ደቡብ አፍሪካን አባረረ።

ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድ መለያ አሰልፋ፣ በገዛ አገሯ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ ለማየት አልታደሉም። ካርቱም ላይ የተጠየቀችው ግን ያንኑ ቡድን ነበር።

እኛም ነገ ፊሽካ ይዘን ተማሪዎችን በቡድን እንከፍላለን። ያን ጊዜ ጫማ ያለውን አስገብተን ባዶ እግሩን የመጣውን ዳር ላይ የምናስቀምጥ ከሆነ፣ ይድነቃቸውን አውቀናቸዋል ማለት አንችልም።