በግዱ ግራኝ የሆነው ሻምፒዮን

ሀንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች እ.ኤ.አ. በ1910 ቡዳፔስት ተወለደ። ወታደርና ጎበዝ የሽጉጥ ተኳሽ ነበር። ከ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ የቀረው ግን መኮንን አይደለህም ተብሎ ነው።

በ1938 ልምምድ ላይ እያለ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን አሳጣው። አበቃለት ሲባል እሱ ለማንም ሳይናገር በግራው ቃታ መሳብ ተለማመደ። በ1939 የአገሩ ሻምፒዮን ሆኖ ቁጭ አለ!

ጦርነቱ የ1940 እና የ1944 ኦሎምፒኮችን በላበት። በ1948 ለንደን ላይ፣ በ38 ዓመቱ፣ በ25 ሜትር ፈጣን የሽጉጥ ተኩስ 580 ነጥብ አምጥቶ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። ለዓለም ሻምፒዮኑ አርጀንቲናዊ ቫሊየንቴ፣ የመጣው ለመማር እንደሆነ ነግሮት ነበር ይባላል። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው።

ታካች በ1976 አረፈ። ቀኝ እጁ ያላገኘውን ወርቅ ግራው ሁለቴ አመጣለት።